ለአካል ጉዳተኛ ተጫዋች የትኛው የእግር ኳስ ፕሮግራም ይስማማዋል? የንጽጽር መመሪያ

ሜዳ ዳር ቁሙና አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ፦ ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኳስ ስንቴ ነካ? ማሊያው አዲስ፣ አሰልጣኙ ፈገግታ የማይለየው፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም “ለሁሉም ክፍት ነው” የሚል ሊሆን ይችላል። ኳሱ በአጠገቡ እያለፈ እሱ መስመር ላይ ቆሞ ከዋለ ግን ፕሮግራሙ ልጁን አላካተተውም።

ይህን በመጀመሪያ የምናነሳው አብዛኛው ቤተሰብ ምርጫውን ከጉዳቱ ስም ስለሚጀምር ነው። “ልጄ ኦቲዝም አለበት፣ የኦቲዝም ቡድን አለ?” “ወንድሜ አንድ እግሩ ተቆርጧል፣ የት ይጫወት?” የጉዳቱ ስም በጣም የሚያስፈልገው ለውድድር ነው፤ እዚያ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም በምርመራና በምደባ ይወሰናል። ለየሳምንቱ ጨዋታ ግን አንድ ዓይነት ስም የተሰጣቸው ሁለት ልጆች ፈጽሞ የተለያየ ቦታ ሊስማማቸው ይችላል። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት አንዱ ልጅ ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጋፋ ጎል ያገባል፤ ሌላው ያለ ኤሌክትሪክ ዊልቸር አይንቀሳቀስም።

ስለዚህ ፕሮግራም ከመፈለጋችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ሦስት ነገር ሞክሩ።

መጀመሪያ፣ ኳሱን በምን ያገኘዋል? ከአምስት ሜትር ርቀት ኳስ ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉለት። በዓይኑ ተከትሎ ነው የሚያቆመው፣ በድምፁ ነው፣ ወይስ እግሩ ጋር ደርሶ ካለፈ በኋላ ነው የሚያውቀው? ሁለተኛ፣ ሰውነቱ እስከ ምን ይሄድለታል? ሁለት ጠርሙስ በአሥር ሜትር ርቀት አቁሙና እየተመላለሰ ስንት ዙር ሄዶ ማረፍ እንደፈለገ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ጨዋታው ሲቀየር እንዴት ያውቃል? ቀይና ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ይቁሙና “ለቀዩ አቀብል” በሉት፤ ሲለምደው ወደ ሰማያዊው ቀይሩበት። በቃል ብቻ ከገባው አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ማሳየት ካስፈለገ ሌላ ነው፤ ለውጡ ራሱ የሚያስጨንቀው ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የእነዚህን መልስ ወረቀት ላይ ይዛችሁ ብትሄዱ አሰልጣኙን ከሐኪም ማስረጃ በላይ ይጠቅሙታል።

ያሉት ምርጫዎች በአራት ይጠቃለላሉ፦ መደበኛ ቡድን ከማስተካከያ ጋር፣ ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው አብረው የሚሰለፉበት የተቀናጀ ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አጋዥ የሚመደብበት ፕሮግራም፣ እና ለአንድ ዓይነት ጉዳት ተብሎ ሕጉ የተበጀ ጨዋታ።

መደበኛ ቡድን ከማስተካከያ ጋር

መስማት ለተሳናቸው፣ አንድ እጅ ለሌላቸው፣ ቀላል የእግር መጎተት ላለባቸውና የሚጥል በሽታቸው በመድኃኒት ለተያዘላቸው ልጆች መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው። ቅርብ ነው፣ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሰፈር ጓደኞቹም እዚያ ናቸው።

ማስተካከያ ሲባል ሜዳውን፣ ሥራውን፣ ዕቃውንና ሰውን መለወጥ ነው። ሜዳውን ማጥበብ፣ ለምሳሌ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ መሆኑ ቀርቶ አምስት ለአምስት፣ ብቻውን ልጁ ኳስ የሚነካበትን ጊዜ ያበዛል። የመደበኛውን ኳስ በፉትሳል (በአዳራሽ እግር ኳስ) ኳስ መተካትም ትልቅ ለውጥ አለው፤ የፉትሳል ኳስ ዙሪያው ከ62 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነጥሮ ስለማይርቅ ለማብረድ ጊዜ የሚወስድበት ልጅ ይደርስበታል። ሥራውን መለወጥ ማለት “ሦስት ጊዜ ሳይነካ ማንም እንዳይቀማው” ዓይነት ቀላል ደንብ ነው።

እዚህ የሚደጋገመው ስሕተት “በረኛ ይሁን” ማለት ነው። አሰልጣኙ አዝኖለት፣ እንዳይደክም ብሎ ያደርገዋል። ምላሹ ለዘገየ ወይም ሚዛኑ ለሚያስቸግረው ልጅ ግን ጎል ከሜዳው ሁሉ አደገኛው ቦታ ነው፤ ኳሱ በቅርብና በኃይል የሚመጣው ወደዚያ ነው። ጎል በገባ ቁጥር ደግሞ ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያየው እሱን ነው። ከክንፍ ይጀምር፤ አንደኛው ወገኑ መስመር ስለሆነ የሚጠብቀው ግማሹን አቅጣጫ ብቻ ነው።

መስማት የተሳነው ተጫዋች ሲኖር ፊሽካው እንዲታይ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ባንዲራም ያነሳል፤ ባንዲራ ከሌለ ፊሽካ የሰማ ሁሉ እጁን እንዲያነሳ ይስማሙ። ይህ ካልተለመደ ልጁ ጨዋታው ከቆመ በኋላ ሮጦ ይገባና ሆን ብሎ የመታ ይመስላል፤ ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው። አሰልጣኙ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ከተናገረ ፊቱ ስለሚጠቁር ከንፈሩ አይነበብም። ትእዛዝ ጨዋታው ሲቆም በሰሌዳ ላይ እየተሣለ ይሰጥ፤ ከዳር መጮህ ለዚህ ተጫዋች ፋይዳ የለውም።

መስማት የተሳናቸው ብቻ የሚጫወቱበት ቡድንስ? ሕጉ ከሞላ ጎደል የመደበኛው እግር ኳስ ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር በተሻለው ጆሮ ቢያንስ የ55 ዴሲቤል የመስማት መቀነስ ይጠየቃል፤ የመስሚያ መሣሪያም ሜዳ ውስጥ ይወልቃል። እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የተጀመረው የመስማት የተሳናቸው ኦሊምፒክም እግር ኳስን ይዞ ነው የተነሳው። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት የጨዋታ ደረጃ ሳይሆን ቋንቋ ነው። በምልክት ቋንቋ ያደገ ልጅ እዚያ ቀልድም፣ ስልትም፣ ስድብም ሳይቀር በራሱ ቋንቋ ያገኛል። የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም ይያዝ፤ አንዱን ብቻ መያዝ ግድ ከሆነና ልጁ ምልክት ቋንቋ የሚናገር ከሆነ የኛ ምርጫ የራሱ ቡድን ነው።

የተቀናጀ ቡድን

በዓለም አቀፉ የስፖርት ድርጅት በስፔሻል ኦሊምፒክስ ሥር “ዩኒፋይድ” የሚባለው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ተጫዋቾችና ውስንነቱ የሌለባቸው አጋሮች በአንድ ማሊያ ይሰለፋሉ። ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ በአምስት ለአምስት ሦስት ተጫዋችና ሁለት አጋር፣ በሰባት ለሰባት አራትና ሦስት፣ በአሥራ አንድ ስድስትና አምስት። ምንጊዜም አጋሮቹ ያንሳሉ።

ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ተሟልቶ ሜዳ ላይ ሊፈርስ ይችላል። አጋሮቹ ከትምህርት ቤቱ ዋና ቡድን የመጡ ፈጣን ልጆች ከሆኑ ኳሱ ከአጋር ወደ አጋር ይሄዳል፤ ቡድኑ ያሸንፋል፤ አራቱ ተጫዋቾች ያጨበጭባሉ። የሚጎበኝ ሰው ውጤቱን አይቶ ይደሰታል። እናንተ ግን ጎሉን ማን እንዳገባ፣ ቅጣት ምቱን ማን እንደመታ፣ የማዕዘን ምቱን ማን እንዳነሳ ተመልከቱ። እነዚህ ሁሉ በአጋሮች እጅ ከሆኑ ምክንያቱ የአጋር አመራረጥ ነው። በዕድሜም በችሎታም ለተጫዋቾቹ የሚቀርቡ አጋሮች ሊፈለጉ ይገባል።

ፕሮግራሙ ሦስት ዓይነት መልክ አለው፤ ለይታችሁ ጠይቁ። አንደኛው ለውድድር ነው፣ ሁሉም ተጫዋች ሕጉንና ስልቱን መያዝ አለበት። ሁለተኛው ለችሎታ ማዳበሪያ ነው፣ አጋሮቹ ብርቱ ሆነው ሌሎቹን ያበረታሉ። ሦስተኛው ለመዝናኛ ነው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ገና ያልገባው ልጅ የውድድሩ ቡድን ውስጥ ከገባ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይከርማል።

ዳውን ሲንድረም ያለበት ተጫዋች ካላችሁ ይህን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ። ከእነሱ በአንዳንዶቹ የአንገት ላይኛው መገጣጠሚያ የላላ ስለሚሆን ሲመታ የአከርካሪ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። አረማመዱ በቅርቡ ተለውጦ ከሆነ፣ እጅ እግሩ እየዛለ ከሆነ፣ ሽንት መቆጣጠር አቅቶት ከሆነ ወይም አንገቱን ካመመው ሐኪም ሳያየው ሜዳ አይግባ። ምልክት ባይኖርም ቴስታ ከልምምዱ ይውጣ፤ ጨዋታው ያለ እሱም ይሞላል።

አጋዥ የሚመደብበት ፕሮግራም

በአሜሪካ ብዙ የልጆች ክለቦች “ቶፕሶከር” በሚል ስም ያካሂዱታል፤ እዚያ ያላችሁ ወላጆች በአካባቢያችሁ ክለብ በዚሁ ስም ጠይቁ። በእንግሊዝም ከ5 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች “ኮሜትስ” የሚባል አለ፤ አሠራሩ የተለየ ቢሆንም የሚያገለግለው ለዚሁ ዕድሜ ጀማሪ ነው። በቶፕሶከር እያንዳንዱ ልጅ ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ በጎ ፈቃደኛ አጋዥ ይመደብለታል። ነጥብ አይቆጠርም ወይም ከቁም ነገር አይቆጠርም።

ድምፅና ግርግር ለሚያስጨንቃቸው፣ ተራ መጠበቅ ለሚከብዳቸው፣ ወይም ሦስቱን የቤት ሙከራዎች ገና መጨረስ ላልቻሉ ልጆች መነሻው ይኸው ነው። ጥሩ ፕሮግራም በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ነገር ይጀምራል፤ ያው ዘፈን፣ ያው ክብ፣ ያው የመጀመሪያ ልምምድ። ቀጥሎ የሚሠራው በሥዕል ተደርድሮ ይለጠፋል። ድምፁ የበዛበት ልጅ ገለል የሚልበት ጥግ ይዘጋጃል፤ ሲመለስም “የት ነበርክ” ተብሎ አይጠየቅም። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል።

የሚበላሸው በአጋዡ ነው። አጋዡ በደግነት ኳሱን ራሱ ይገፋና ልጁን እጁን ይዞ ያስሮጠዋል፤ ጎሉ ጋር ሲደርሱ የልጁ እግር ኳሱን ይነካል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ልጁ የሠራው ነገር የለም። የሠለጠነ አጋዥ ከልጁ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ጊዜ ያሳያል፣ ከዚያ ዝም ብሎ እስከ አሥር ይቆጥራል። ዝምታው ነው የሚከብደው፤ ነገር ግን ብዙ ልጆች የሚመቱት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የረዳቸው ሰው ያንን ምት ወሰደባቸው።

ሌላው ጉድለት መውጫ አለመኖሩ ነው። ልጁ በስድስት ዓመቱ ገብቶ በአሥራ አራት ዓመቱ ያንኑ ኮን የሚዞር ከሆነ ቆሟል ማለት ነው። “ከዚህ ወጥቶ ወደ ዩኒፋይድ ወይም ወደ መደበኛ ቡድን የተሻገረ ልጅ አለ?” ብላችሁ ጠይቁ።

በአሜሪካ ያሉ ወላጆች ሌላም በር አላቸው። ልጁ በትምህርት ቤት የግል የትምህርት ዕቅድ ካለው፣ ከክፍል ውጭ ያለው ስፖርትም በዕቅዱ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ ትምህርት ቤቶች ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የስፖርት ዕድል እንዲሰጡ ያስገድዳል። በቃል “እናያለን” ሲሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሕጉ ለጉዳቱ የተበጀ ጨዋታ

*ማየት ለተሳናቸው።* በኢትዮጵያ ማየት የተሳናቸው ስፖርተኞች ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ሩጫን ነው። ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የማየት ውስንነት ባለባቸው ምድብ ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች። እግር ኳሱም ግን ከአቴንስ 2004 ጀምሮ በፓራሊምፒክ አለ፤ ብራዚል አምስቱን ተከታታይ ወርቅ ወስዳ በፓሪስ 2024 ለፈረንሳይ አስረክባለች። ሴቶችም እ.ኤ.አ. በ2023 በርሚንግሃም ላይ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮናቸውን አድርገዋል፤ አርጀንቲና አሸንፋለች። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን ያዙ።

በአንድ ወገን አራት ተጫዋችና የሚያይ በረኛ ይሰለፋሉ። ትንሽ የሚያይ ከማያየው እንዳይበልጥ አራቱም ዓይናቸው ይሸፈናል። ሜዳው 40 በ20 ሜትር ነው። የኳሱ ዙሪያ ከ60 እስከ 62 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ510 እስከ 540 ግራም ነው፤ ከመደበኛው ያነሰና የከበደ ስለሆነ ጀማሪ በባዶ እግር አይምታው። ውስጡ የሚያንሻኳሽ ነገር አለው። ወደ ኳስ የሚሄድ ተከላካይ “ቮይ” ማለት አለበት፤ በስፓኒሽ “እየሄድኩ ነው” ማለት ነው። ሳይናገር ከገባ ጥፋት ነው፤ ግጭትን የሚከላከለውም ይኸው አንድ ቃል ነው። በልምምድ “መጣሁ” ብትሉም ይሠራል፤ ውድድር ለሚያስብ ቡድን ግን ከመጀመሪያው ቀን “ቮይ” ይለመድ።

ትልቁ ወጪ ግድግዳው ነው። በሁለቱ ረዣዥም ጎኖች ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው ሰሌዳ ይቆማል፤ ተጫዋቹ ኳሱንም አቅጣጫውንም በእሱ ያገኛል። 80 ሜትር ሰሌዳ ማለት በ2.44 በ1.22 ሜትር ኮምፖንሳቶ ወደ 33 ቅጠል ነው። ለመነሻ 20 በ10 ሜትር ሜዳ ከያዛችሁ 17 ይበቃል። ደጋፊ እግሩና ምስማሩ ሁሉ በውጭ በኩል ይሁን፤ መጋጠሚያውን በእጅ ዳስሳችሁ ስንጥር ካለ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ተጫዋቹ ክንዱን እያስታከከ ነውና የሚሮጠው።

ኳሱን ማግኘት ካልተቻለ ተራውን ኳስ በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ይሠራል፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። ጠጠር ሜዳ ላይ ቶሎ ስለሚቀደድ ሁለት ድርብ አድርጉትና ትርፍ ያዙ። ጉድለቱ እንደ እውነተኛው ኳስ ነው፤ ቆሞ ሲገኝ ድምፅ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠለጥነው ኳሱን ከእግር አለማራቅ ነው፤ በሁለቱ እግሮች ውስጠኛ ጎን እያቀባበሉ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ አንድ ስንዝር ሳይርቅ።

ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚወድቀው በጩኸት ነው። ሁሉም አብሮ ሲመራ ተጫዋቹ ኳሱንም ሰውንም አይሰማም። ሕጉ ሜዳውን በሦስት ይከፍለዋል፦ በመከላከያው ሲሶ በረኛው፣ በመሃል አሰልጣኙ፣ በማጥቂያው ከተቃራኒ ጎል ጀርባ የቆመው መሪ ብቻ ይናገራል። ቅጣት ምት ሲኖር መሪው የጎሉን ሁለት ቋሚዎች በብረት ነካ ነካ ያደርጋል፤ መቺው የጎሉን ስፋት በጆሮው ይለካል። ተመልካችም ኳሱ እስኪቆም ዝም ይላል። እንግዲህ ለአንድ ቡድን ቢያንስ ሦስት የሚያዩ ሰዎች በየሳምንቱ መገኘት አለባቸው፤ ፕሮግራሙን ስትጎበኙ ኳስና ሰሌዳ ከመቁጠር በፊት እነዚህን ሦስት ሰዎች ቁጠሩ።

*እጅ ወይም እግር ለተቆረጠባቸው።* ስድስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ። ተጫዋቾቹ አንድ እግራቸው የተቆረጠ ሆነው በሁለት ክራንች፣ ያለ ሰው ሠራሽ እግር ይጫወታሉ፤ በረኛው አንድ እጁ የተቆረጠ ነው፤ ከክልሉም አይወጣም። ሜዳው እስከ 60 በ40 ሜትር ነው፤ ኦፍሳይድ የለም። በክራንች ኳስ ሆን ብሎ መንካት በእጅ እንደመንካት ይቆጠራል፤ በቀረው የእግር ክፍልም ኳስ አይገፋም። አፍሪካ እዚህ ብርቱ ናት፤ አንጎላ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ዋንጫን አንስታለች፤ በ2022 ኢስታንቡል ላይ ደግሞ ለፍጻሜ ደርሳ በቱርክ 4 ለ 1 ተሸንፋለች።

ዋናው ዕቃ ክራንቹ ነው። በብብት የሚያዘው የእንጨት ክራንች ለዚህ አይሆንም፤ ሲሮጡበት የብብትን ነርቭ ይጫንና እጅ ያደነዝዛል። የሚፈለገው በክንድ የሚያዘው የአሉሚኒየም ዓይነት ነው። ቁመቱ ሲስተካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ክርኑ ጥቂት እጥፍ ሊል ይገባል፤ ፈጽሞ ከተዘረጋ ትከሻ ይጎዳል፣ በጣም ከታጠፈ ጉልበት ያልቃል። የጫፉ ጎማ በጠጠር ላይ በፍጥነት ይበላል። ገልብጣችሁ እዩት፤ ጥርሱ ከጠፋ ቀይሩት፤ ካለቀ ብረቱ ይወጣና ሲሚንቶ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። መያዣውን በጨርቅ ወይም በብስክሌት እጀታ ቴፕ መጠቅለል የመዳፍ ውኃ መቋጠርን ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ መውደቅ ነው። ክራንቹን ወደ ውጭ ለቆ በትከሻ መንከባለል፤ በተቆረጠው እግር ጫፍ ማረፍ ቁስሉን ይከፍተዋል። ከመውደቅ ቀጥሎ ምት ይመጣል፤ ሁለቱን ክራንች ከፊት ተክሎ ሙሉ ክብደትን በእነሱ ላይ ጥሎ እግሩን በመሃላቸው ማወዛወዝ። ሙሉ ሥራው የትከሻ ስለሆነ በተከታታይ ቀን አይሠልጥኑ። አጭር ሳር ወይም ሰው ሠራሽ ሳር ጥሩ ነው፤ ረዥም ሳርና ጭቃ ጫፉን ይይዛል።

በሰው ሠራሽ እግሩ መጫወት የሚፈልግ ወደ መደበኛው አምስት ለአምስት ይሂድ። በፖሊዮ እግሩ የሰለለ ሰው ልምምዱን አብሮ ሊሠራ ይችላል፤ ለውድድር ግን ከመመዝገቡ በፊት የአዘጋጁን የብቁነት ደንብ ይጠይቅ።

*ሴሬብራል ፓልሲ፣ ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ላለባቸው።* የዚህ ጨዋታ ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ ከልደት ጀምሮ ለሆነው ብቻ አይደለም። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ተመትቶ አንድ ጎኑ የቀረበት ጎልማሳም ይገባበታል። ሰባት ለሰባት ነው፤ ኦፍሳይድ የለም፤ የመስመር ውርወራ በአንድ እጅ መሬት ለመሬት ማንከባለል ይቻላል። ተጫዋቾች በሦስት መደብ ይከፈላሉ፤ ጉዳቱ ከበድ ካለበት የመጀመሪያ መደብ ቢያንስ አንድ ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ይኖራል፤ ከቀላሉ ሦስተኛ መደብ ግን ከአንድ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2016 በፓራሊምፒክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወጥቷል፤ የራሱ የዓለም ውድድር ግን ቀጥሏል።

ጠዋት በብርድ ጡንቻ ይገተራል፤ ማሟሟቂያው 15 ደቂቃ ያህል ይሁን። ፊሽካ ከጆሮ አጠገብ ድንገት ሲነፋ ብዙዎቹ መላ ሰውነታቸው ይደነግጥና ሊወድቁ ይችላሉ፤ ዳኛው ከሩቅ ይንፋ። የቁርጭምጭሚት መደገፊያ የሚያደርግ ልጅ ታኬታው ውስጥ ያለውን ሶል አውጥቶ መደገፊያውን ያስገባ፤ ካልሆነ በአንድ ቁጥር የሚተልቅ ይገዛለት። በመራመጃ ፍሬም የሚሄዱ ልጆች በእንግሊዝ የራሳቸው የፍሬም እግር ኳስ አላቸው፤ ከሚሮጡት ጋር በአንድ ሜዳ ማደባለቅ ግን ለሁለቱም አደጋ ነው።

*በኤሌክትሪክ ዊልቸር።* አራት ለአራት፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ 33 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትልቅ ኳስ፣ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ይካሄዳል። እጁን ብዙ ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ሙሉ ውድድር የሚሰጥ ሌላ እግር ኳስ የለም። ወጪው ከሁሉም ይበልጣል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ ለሙከራ ወንበር የሚያውስ ክለብ ፈልጉ፣ ሳትሞክሩ አትግዙ። ኳስ የሚመታውን የፊት መከላከያ ብረት በተራ ዊልቸር ላይ በቤት ማሰር ወንበሩን ይገለብጣል። ወንበሩን በእጁ የሚገፋ ሰው በበኩሉ እግር ኳስ ላይ ከሚንገላታ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ይሻለዋል።

ሁለት ሲስማሙት

በቀላል ሴሬብራል ፓልሲና በመደበኛ ቡድን መካከል ከሆነ ጥያቄው፣ በቤት ሙከራው ስንት ዙር ሄደ የሚለው ነው፤ ከእኩዮቹ ግማሽ ያህል ከሄደ አምስት ለአምስት መደበኛ ቡድን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሰባት ለሰባቱ። ኳስ ጎበዝ ሆኖ ግርግር የሚያስጨንቀው ልጅ ከሆነ ወደ አጋዥ ፕሮግራም አትመልሱት፤ ጥቂት ልጆች ያሉበት መደበኛ ቡድን ፈልጉ፣ ግጥሚያውን ትታችሁ ልምምዱን ብቻ ይጀምር። ትንሽ የሚያይ ተጫዋች ዓይኑን ሸፍኖ መጫወት ካስፈራው አያስገድዱት፤ ደማቅ ቢጫ ኳስና ጥቁር ግልጽ መስመር ያለው የፉትሳል አዳራሽ አስቀድሞ ይሞከር።

ጉብኝቱ

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ሁለት ጊዜ ሂዱ። በመጀመሪያው ተመልከቱ ብቻ። የልጃችሁን የሚመስል አንድ ተጫዋች ምረጡና በጨዋታው ሰዓት ለአሥር ደቂቃ ኳስ የነካበትን በወረቀት ላይ በጭረት፣ ቆሞ የጠበቀበትን ደቂቃ በሰዓት ያዙ። በአምስት ለአምስት ከአሥር በታች ከሆነ፣ ወይም ከአሥሩ ደቂቃ አራቱን ቆሞ ካሳለፈ፣ ምክንያቱን ጠይቁ። በሁለተኛው ጉብኝት ልጁ ራሱ ይሞክር።

አሰልጣኙን ስታናግሩ መጀመሪያ እሱ ምን እንደሚጠይቅ ስሙ። “ሲደክመው እንዴት ያሳውቃል? ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል?” የሚል አሰልጣኝ ልጁን ያያል። “እኛ ሁሉንም እኩል ነው የምናየው” የሚል ከሆነ “እሺ፣ ባለፈው ሳምንት ለማን ምን ቀየራችሁ?” በሉት፤ ምሳሌ ከሌለው የቀየረው ነገር የለም ማለት ነው።

የሚጥል በሽታ ካለ ዕቅዱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሠራተኞቹም ልምድ ይጠየቅ። ክብሪት አጭሶ ማስሸተት፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጅና እግር በኃይል መያዝ አሁንም በየሜዳው ይታያል፤ ሦስቱም ይጎዳሉ። በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ማሊያ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መንገዱን ደግሞ ከልጁ ጋር ሆናችሁ ሞክሩት፤ ታክሲው ካወረደበት እስከ ሜዳው ያለው የመጨረሻ ሁለት መቶ ሜትር ብዙ ሰው ያስቀራል። ቦይ አለ? ደረጃ አለ? መጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር ያስገባል? የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ አሥር ደቂቃ ቁጠሩ፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። ጭረቱ ከበዛ ይቀጥል። ካልበዛ ወረቀቱን ለአሰልጣኙ አሳዩትና ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ እንዲቀይር ጠይቁት፤ ሜዳውን ማጥበብ ወይም ኳሱን መለወጥ ከሁሉ ቀላሉ ነው። እሱም ካልረዳ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ የልጁን የቡድን ጓደኞች ስልክ ግን ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።